ፑንቲና ወይስ ኤሌክትሮኒክ? የአሮጌ ቮልስ ብልጭታ ከነሳይንሱ

አሮጌ ቮልስ ያላችሁ ይህችን ጠዋት ታውቋታላችሁ። ቁልፉን ታዞራላችሁ፤ ሞተሩ ይዞራል ግን አይነሳም። መካኒኩ መጥቶ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ይከፍታል፣ አንዲት ትንሽ ብረት በሞረድ ፈግፈግ ያደርግና «በሉ አሁን አስነሱት» ይላል። ይነሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ታሪክ ይደገማል። ይሄኔ አንድ ወዳጃችሁ «ኤሌክትሮኒክ አስገቡላትና ለዘላለም ተገላገሉ» ማለቱ አይቀርም።

እውነት ለዘላለም ትገላገላላችሁ? ከአንድ ችግር አዎ፤ ከሌላው ግን አይደለም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያቺ ትንሽ ብረት፣ ማለትም ፑንቲና፣ ምን እንደምትሠራ እስቲ አብረን እንይ።

ከ12 ቮልት ወደ 20 ሺህ ቮልት

በሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚለኩሰው ካንዴላው ጫፍ ላይ የሚዘል ብልጭታ ነው። ብልጭታው ያንን ጠባብ ክፍተት ለመዝለል በሺዎች፣ አንዳንዴም ከ20 ሺህ በላይ ቮልት ይፈልጋል። ባትሪያችሁ ያለው ግን 12 ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ኮይሉ ነው።

ኮይል ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አንዱ ወፈር ያለና ጥቂት ዙር ያለው ነው፤ ሌላው በጣም የቀጠነና ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ዙር ያለው። ከባትሪ የመጣው ኮረንቲ በመጀመሪያው ጥቅል ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ኮረንቲው ድንገት ሲቋረጥ መስኩ ይፈርሳል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ በሽቦ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ለውጡ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ቮልቴጁ ይጨምራል። ስለዚህ ትልቁ ነገር ኮረንቲውን መስጠቱ ሳይሆን፣ በቅጽበትና በሰዓቱ መቁረጡ ነው።

ቆራጯ ፑንቲና ናት። በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ካም እየዞረ ይከፍታታል፣ ይዘጋታል። በተከፈተች ቁጥር አንድ ብልጭታ ይወለዳል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ይህን ከባትሪ የሚሠራ ዘዴ ለ1910 የካዲላክ ሞዴል አዘጋጀው፤ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አብዛኛው የቤንዚን መኪና በዚሁ መንገድ ሲሠራ ኖሯል።

ፑንቲና ለምን ትደክማለች?

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ብልጭታ ይፈልጋል። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሮጥ በደቂቃ 6,000፣ በሰከንድ 100 ብልጭታ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ሰዓት ከተጓዛችሁ ፑንቲናዋ 360,000 ጊዜ ተከፍታ ተዘግታለች። ይህን ሁሉ ችላ መሥራቷ ራሱ የሚገርም ነው!

ድካሟ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ቃጠሎ ነው። በተከፈተች ቅጽበት ኮይሉ በራሷ በፑንቲናዋ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይገፋባታል፤ ትንሽ እሳት ትተፋለች። አጠገቧ ያለው ኮንደንሰር ይህን ግፊት ለአፍታ ይቀበልላታል፤ ያም ሆኖ ከጊዜ ጋር አንዱ ፊቷ ይቦረቦራል፣ ሌላው ጉብታ ያወጣል።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ካሙን የምትነካው የፑንቲና ተረከዝ ቀስ በቀስ ትበላለች። በቮልስ ላይ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ተረከዟ ስትበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ፑንቲናዋ ዘግይታ ትከፈታለች፣ ብልጭታውም ይዘገያል። ያኔ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይባክናል፣ ሞተሩም ይበልጥ ይግላል። እንደ ቮልስ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለውጡ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ስለሚመጣ ሹፌሩ አይሰማውም፤ «አይ፣ አርጅታለች» ብሎ ያልፈዋል።

ኤሌክትሮኒኩ የሚለውጠውና የማይለውጠው

በብዛት የሚገጠመው ዓይነት አሠራሩ ቀላል ነው። ፑንቲናና ኮንደንሰር ይወጣሉ። በካሙ ላይ ትናንሽ ማግኔቶች የያዘ ቀለበት ይጠለቃል፤ አጠገቡ ማግኔት ሲያልፍ የሚሰማ ዳሳሽ ይቀመጣል። ዳሳሹ የሚሠራበትን ክስተት ኤድዊን ሆል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ኮረንቲውን የሚቆርጠው ደግሞ ትራንዚስተር ነው፤ የመጀመሪያው ትራንዚስተር በአሜሪካ ቤል ቤተ ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የሚፋተግ ተረከዝ የለም፣ የሚቃጠል ፊትም የለም። ስለዚህ የሚበላ ነገር የለም።

ኮይሉ ግን ያው የድሮው ነው። ውስጡ 3 ኦም ገደማ መቋቋም ካለው፣ 12 ቮልት ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር ያልፍበታል፤ ቆራጩ ፑንቲናም ሆነ ትራንዚስተር። «የሞተር ኃይል ይጨምራል» የሚለውን ማስታወቂያ በዚህ መዝኑት። አዲስና በደንብ ከተስተካከለች ፑንቲና ጋር ካወዳደራችሁት፣ ልዩነቱን በቤንዚን መርገጫው ላይ ያለው እግራችሁ አይለየውም። እውነተኛው ጥቅም ዛሬ ያስተካከላችሁት ሰዓት ከወራት በኋላም እዚያው መገኘቱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ጥፋቱ የፑንቲና መሆኑን አረጋግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፤ በጥላሸቱ በኩልም ከፍተኛው ቮልቴጅ ሳይዘል ያመልጣል። ካንዴላችሁን ፍቱና እዩት። ጥቁርና ዱቄት የመሰለ ነገር ከሸፈነው መጀመሪያ ካርቡራቶሩን አስተካክሉ።

ቀጥሎ ባትሪውን ተመልከቱ። ከድሮዎቹ ቮልሶች ብዙዎቹ ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ ለ12 ቮልት የተሠራ ዕቃ አይሆናቸውም። የኮይሉን ኦም በመለኪያ አስለኩ፤ ዕቃው ከሚፈቅደው ካነሰ ከመጠን ያለፈ ኮረንቲ ትራንዚስተሩን ያቃጥለዋል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው፣ ፍጥነት ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድመው ክፍል ከተጣበቀም ኤሌክትሮኒኩ አያድነውም።

ከተገጠመ በኋላ

ሁለት ገመዶች አሉ፤ አንዱ ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወደ ኔጋቲቭ። አቀያይራችሁ ቁልፍ ከከፈታችሁ ዕቃው እዚያው ሊቃጠል ይችላል። የብልጭታው ሰዓት እንደ አዲስ መስተካከል አለበት፤ «ተገጥሟል፣ ይበቃል» አትበሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሬዲዮ ለመስማት ብላችሁ ቁልፉን ከፍታችሁ አትቀመጡ፤ ኮይሉና ትራንዚስተሩ ሊግሉ ይችላሉ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፑንቲና የምትደክመው እያስጠነቀቀች ነው፦ ትንተባተባለች፣ ጠዋት ታስቸግራለች፣ ግን በሞረድና በስስ ካርቶን አስተካክላችሁ ቤታችሁ ትደርሳላችሁ። ኤሌክትሮኒኩ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ድንገት ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠግነው መካኒክ የለም። ስለዚህ የወጣችውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሯና ከነብሎኗ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከወንበር ሥር አኑሯት። ከከተማ ርቃችሁ፣ ሲመሽ፣ ሞተሩ ጸጥ ቢል፣ በጥቂት ደቂቃ መልሳችሁ ትገጥሟትና ትነሳላችሁ።