የኮንክሪት መንገድ ስንጥቅ ተደፈነ ማለት ተጠገነ ማለት ነውን?

እንደሚታወቀው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና አስፋልት ነው። አስፋልት ሲሰነጠቅ ሬንጅ ሲፈስበት፣ ሲቦረቦር ደግሞ በሬንጅና በጠጠር ሲደፈን ሁላችንም እያየን አድገናል። ታዲያ መንገዱ ከሲሚንቶ ኮንክሪት የተሠራ ቢሆን ጥገናው እንዴት ነው? ጥያቄው ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ሲሆን ሲሚንቶን ግን የሙገር፣ የደርባና የሌሎችም ፋብሪካዎች እዚሁ ያመርቱታል። በዚያ ላይ ቡሬ የነቀምት መንገድ መገንጠያ ናት፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። በቆሎና ማዳበሪያ የጫነው ተሳቢ መኪና ደግሞ መንገዱን አይምረውም። ከባድ ጭነት ባለበት ቦታ ኮንክሪት መነሳቱ አይቀርም።

የኮንክሪት መንገድ እንደ ሻሽ የተዘረጋ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚኮማተር በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቀድመው በየ4 ወይም በየ5 ሜትሩ በመጋዝ ይቆርጡትና የት መሰንጠቅ እንዳለበት እነሱ ይወስኑለታል። ስለዚህ መንገዱ ጎን ለጎን የተኙ የብዙ ሶሌታዎች ሰልፍ ነው ማለት ይቻላል። ዋናው ጉዳይ ያለው እነዚህ ሶሌታዎች በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

በገጠራችን በሽተኛ በቃሬዛ ወደ አስፋልት ሲወጣ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ለትከሻ ሸክሙን ይካፈላሉ። አንደኛው ቢያነክስ ሌላው ይደርስለታል፤ ካልደረሰለት ቃሬዛው ይጋደላል። ሶሌታም እንደዚሁ ነው። የመኪና ጎማ የአንዱ ሶሌታ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጎረቤቱ ሸክሙን መካፈል አለበት። ስንጥቁ ቀጭን ሳለ በውስጡ ያሉት ጠጠሮች እንደ ዚፕ ጥርስ ስለሚያያዙ ይህን ሥራ ራሳቸው ይሠራሉ። ስንጥቁ እየሰፋ ሲሄድ ግን ጥርሱ ይላቀቃል፤ ሶሌታውም ብቻውን ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ክረምት በገባ ጊዜ ማየት ነው። ውሃው በስንጥቁ ይገባና ከሥር ያለውን አፈር ያረጥባል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠርዙ ጎንበስ ቀና እያለ ውሃውን ከነአፈሩ ወደ ላይ ይተፋዋል። አፈሩ ከወጣ ሥሩ ባዶ ነው። ባዶ ላይ የተኛ ኮንክሪት ደግሞ ይሰበራል እንጂ አይለመጥም። አሽከርካሪውም ስብራቱን ሸሽቶ ወደ ዳር ይወጣል፤ በዳር የሚሄዱት ደግሞ የእኛው ተማሪዎች ናቸው።

ጭነት ሲበዛ ጉዳቱ በምን ያህል ይጨምራል? በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ መኪናዎችን በአስፋልትና በኮንክሪት መንገዶች ላይ ሌት ተቀን በመንዳት ሰፊ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከዚያ የተገኘው ግምታዊ ሕግ፣ ጉዳቱ በጎማ ዘንግ ላይ ካረፈው ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል ይላል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ አይሆንም፤ 2 በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ 16 እጥፍ ይሆናል። (ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?)

እንግዲህ ወደ ጥገናው እንምጣ። ስንጥቁን በሬንጅ ወይም በሌላ ማሸጊያ መድፈን ውሃ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ይህ ጥቅም ነው፣ አይናቅም። ነገር ግን ሬንጅ ለስላሳ ስለሆነ ሸክም አያሻግርም። የተለያዩትን ሶሌታዎች እንደገና የሚያስተባብራቸው ብረት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በስንጥቁ ላይ ተሻግረው በመንገዱ ርዝመት አቅጣጫ የሚሄዱ ጠባብ ቦዮች በአልማዝ መጋዝ ይቆረጣሉ። ቁጥራቸው አብዛኛውን ጊዜ ጎማ በሚያልፍበት በእያንዳንዱ መስመር 3 ነው። ቦዩ በአየር ግፊት ከአቧራ ይጸዳል። በየቦዩ ውስጥ 38 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረትና 45 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ብረት፣ ግማሹ በአንዱ ግማሹ በሌላው ሶሌታ ሆኖ፣ በሶሌታው ውፍረት መካከል ይቀመጣል። ከዚያም ቶሎ በሚጠነክርና በማይኮማተር ማልታ ይሞላል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብረቱ ጥርስ ያለው ፌሮ አይደለም፤ ለስላሳ ነው፣ ግራሶ የመሰለ ቅባትም ይቀባል። ምክንያቱም ኮንክሪት በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሸበሸባል። 5 ሜትር የሆነ ሶሌታ የሙቀቱ መጠን በ20 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ በ1 ሚሊሜትር ገደማ ይለወጣል። ብረቱ ሙጭጭ አድርጎ ከያዘው ኮንክሪቱ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። ብረቱ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይንቀሳቀስ ይይዛል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ይለቃል። በዚሁ ምክንያት ማልታው ስንጥቁ ውስጥ እንዳይገባ ቀድሞ ይታሸጋል፤ በብረቱ ወገብ ላይም ቀጭን ፎም ይደረጋል። በመንገዱ ርዝመት ለሚሄድ ስንጥቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ እዚያ የሚፈለገው እንዳይከፈት ስለሆነ በሰያፍ ተበስቶ ጥርስ ያለው ፌሮ በማጣበቂያ ይሰፋበታል። ሥሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ ብረት ከመግባቱ በፊት ባዶው በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ መሞላት አለበት። ተፈረካክሶ ያለቀ ሶሌታ ላይ ብረት መቅበር ግን ገንዘብ መቅበር ነው፤ ነቅሎ እንደገና መሙላት ይሻላል።

ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ በቀላል የማስተማሪያ መሣሪያ ማሳየት እንችላለን። ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት የጣውላ ቁራጮች በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን እናስተኛለን። የአንዱን ጠርዝ በአውራ ጣት ስንጫን ሌላው ብዙም አይነቃነቅም። ቀጥለን በሁለቱ ፊት ለፊት ጠርዞች ቀዳዳ በስተን አናታቸው የተቆረጠ ወፍራም ሚስማሮች እናሻግርና እንደገና እንጫን፤ አሁን ሁለቱ አብረው ይወርዳሉ። በማስመሪያ ስንለካ የተጫነው 10 ሚሊሜትር ወርዶ ጎረቤቱ 3 ብቻ ከወረደ የሸክም ማስተላለፉ አቅም 30 በመቶ ነው፤ 9 ከወረደ 90 በመቶ። መሐንዲሶችም መንገዱ ላይ ክብደት ጥለው የሚለኩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ መለኪያ ከሚሊሜትር በታች ያለውን ማንበቡ ነው።