«ማሞቂያ» እና «መሞቂያ»፦ ለነባር የጭነት መኪና ጋቢና ስለሚመረጥ መሣሪያና ስለ ስያሜው

ባለፈው ክረምት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ ከሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የመኪና መጠገኛ ግቢ ውስጥ፣ የአንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ እንድመለከት ተጠይቄ ነበር። ጠያቂው በሾፌሮች ዘንድ «ኤንትሬ» የሚባለው የፊያት 682 የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው። ለጋቢናቸው ማሞቂያ ለማስገጠም አስበው ሁለት ዓይነት ዕቃ ቀርቦላቸዋል፤ የአንደኛው መመሪያ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። «ዶክተር፣ አማርኛ ነው፤ ግን አልገባኝም» አሉኝ። እኔም ሳነበው አልገባኝም።

እንቅፋቱ «መሣሪያውን በከፍታ ላይ ያለ ማስተካከያ መጠቀም ክልክል ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነበር። ባለቤቱም መካኒካቸውም «ከጋቢናው ጣሪያ አጠገብ አይሰቀል፤ ከወንበር ሥር ይሁን» ማለት ነው ብለው ተረድተውታል። ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ስሕተት ስለሌለበት እንዲህ ቢረዱት አይፈረድባቸውም። ከመሣሪያው አሠራር ጋር ሲታይ ግን «ከፍታ» የተባለው የጋቢናው ሳይሆን የአገሩ ነው።

ይህ መሣሪያ የራሱ ማቃጠያ ክፍል ያለውና ከሞተሩ ተለይቶ በናፍታ የሚሠራ ነው። ትንሽ ፖምፓ ናፍታውን ይመጥናል፤ በውስጡ የሚነደው እሳት የክፍሉን ግድግዳ ያግላል፤ የጋቢናው አየር በግድግዳው ውጭ እያለፈ ይሞቃል፤ ጢሱም በራሱ ቱቦ ከመኪናው ውጭ ይወጣል። ቦታው ከፍ ባለ መጠን አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ፖምፓው የሚልከው ናፍታ የሚበቃውን ኦክስጅን አያገኝም። በዚህ ምክንያት ጥላሸት ይጠራቀማል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም መጋጠሚያው ላልቶ ከተገኘ በዝግ ጋቢና ውስጥ የተኛ ሰው የሚገጥመው አደጋ፣ በየቤቱ የከሰል ጢስ ከሚያደርሰው የተለየ አይደለም። ዌባስቶና ኤበርስፔኸርን የመሰሉ አምራቾች መሣሪያው ከ1,500 ሜትር በላይ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ማስተካከያ እንዲደረግለት የሚጠይቁት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ 1,500 ሜትር ለአውሮፓ ሾፌር ለጥቂት ሰዓት የሚሻገረው ተራራ ሊሆን ይችላል። ለኮልፌ ሰው ግን ከደጃፉ የሚበልጥ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ተርጓሚው ልብ ያላለው ሌላም ነገር አለ። በተለመደው የአገራችን የአየር ጠባይ ክፍፍል ቆላ አብቅቶ ወይና ደጋ የሚጀምረው በዚሁ በ1,500 ሜትር ግድም ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ «ከቆላ በላይ ባለ አገር፣ ማለትም በወይና ደጋና በደጋ፣ ያለ ማስተካከያ አይሠራበት» ቢባል ሾፌሩ ለመረዳት መለኪያ አያስፈልገውም ነበር። ቁጥሩ በጎኑ ይጻፍ፤ ቃሉ ግን ከአገሩ ይምጣ።

ወደ ዋናው ስም እንመለስ። «ሞቀ» በአማርኛ ሁለት ጠባይ አለው። «ውሃው ሞቀ» ስንል ተሳቢ አይሻም፤ «እሳት ሞቀ»፣ «ፀሐይ ሞቀ» ስንል ግን ተሳቢ ይዟል፤ ሞቂውም ሰውዬው ነው። ከዚህ «መሞቂያ» ይወጣል፤ ሰው ቀርቦ የሚሞቀው ነገር ወይም የሚሞቅበት ቦታ ማለት ነው። ከአድራጊው «አሞቀ» ደግሞ «ማሞቂያ» ይገኛል፤ ሌላውን ነገር የሚያሞቁበት መሣሪያ ነው። አየሩን አሙቆ በጋቢናው ለሚያዳርሰው መሣሪያ ትክክለኛው «ማሞቂያ» ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። በናፍታ ሞተር ላይ ሲሊንደሩን ለማስነሣት የምታሞቀዋ ካንዴሌታም በመመሪያ ትርጉሞች «ማሞቂያ» ስትባል አይቻለሁ፤ ሾፌሩም ጠዋት «ሞተር ላሙቅ» ሲል ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ማቆየቱ ነው። ሙቀቱ ካለፈ ደግሞ «ሞተሩ ጋለ» ይባላል እንጂ «ሞቀ» አይባልም። ይህን የሞቀና የጋለ ልዩነት የጋራዥ አማርኛ በሚገባ ሲጠብቀው፣ በጽሕፈት የተማርነው ተርጓሚዎች ሁሉንም «ከፍተኛ ሙቀት» እያልን እናደባልቀዋለን።

«ጋቢና» ከጣልያንኛው «ካቢና» የመጣ ነው። «ካ» ወደ «ጋ» የተለወጠው በአማርኛ ነው ብሎ መደምደም ግን አይገባም፤ በጣልያንኛ ተራ አነጋገር ራሱ «ጋቢና» የሚል ቅርጽ አለና። (ከ«ጋቢ» ጋር የሚያዛምዱት ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ለብርድ ጉዳይ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ እውነት ግን አይደለም።) በሚኒባስ ታክሲ «ጋቢና» ከሾፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ ብቻ ሆኗል። በጭነት መኪና ግን የቀድሞውን ፍቺ እንደያዘ ነው። አካዳሚው በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ የውጭ ቃል በግዕዝ ይተካ ወይስ በለመደበት ይቆይ የሚለው ክርክር አልተቋረጠም። በዚህ ረገድ «የሾፌር ክፍል» የሚለውን ምትክ አልደግፍም፤ ረዳቱም በዚያው ይቀመጣል፣ ሌሊትም በዚያው ይተኛል።

ለአገልግሎት የሚበጀው ስሙን ከሙቀቱ ምንጭ ጋር ማያያዝ ነው። «ባለ ውሃ የጋቢና ማሞቂያ» ከሞተሩ የሚመጣውን ትኩስ ውሃ በትንሽ ራዲያተር አሳልፎ ሙቀቱን በቬንትሌተር የሚነፍሰው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ እርሱም ይበርዳል፤ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ከሆነም ውሃው ሳይሞቅ ስለሚዞር ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል። «ባለ ናፍታ የጋቢና ማሞቂያ» ከላይ የተገለጸው ነው፤ ጥቅሙ ሞተር ጠፍቶ መሥራቱ ነው። «ባለ ኤሌክትሪክ» የሚባለው ለዚህ መኪና አይሆንም፤ 2 ኪሎዋት ሙቀት በ24 ቮልት ከ80 አምፔር በላይ ስለሚፈልግ የአሮጌ መኪና ዲናሞና ባትሪ አይችሉትም። መስታወት እንፋሎት ሲለብስ ሞቃት አየር የሚረጨውን ክፍል «የመስታወት ማጥሪያ» ብየዋለሁ፤ የተሻለ ያገኘ ቢጽፍልን እንቀበላለን።

ባለቤቱን ስንት ሌሊት በጋቢና እንደሚያድሩ ጠየቅኋቸው። «ድሮ እንጂ ዛሬ ደብረ ብርሃን አልጋ እይዛለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ምርጫው አላስቸገረም፤ ባለ ውሃውን ወሰዱ፣ መካኒኩም አዲስ ቴርሞስታት አስገባ። የናፍታውን መመሪያ ግን ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላልና ዐረፍተ ነገሩን በእርሳስ ሰርዤ ከላዩ «ከ1,500 ሜትር በላይ፣ በወይና ደጋና በደጋ አገር፣ ሳይስተካከል አይሠራበት» ብዬ ጽፌ መለስኩላቸው።