ሴት ልጅ ለመውለድ ስለሚደረገው የምግብና የእንቅስቃሴ ዝግጅት

ወንዶችን ብቻ የወለዱ ባልና ሚስት አንዲት ሴት ልጅ ቢመኙ የሚያስነቅፋቸው ነገር የለም። በጋምቤላ ምድር ደግሞ ይህ ምኞት ሥር ያለው ምክንያት አለው። በኑዌር ዘንድ ልጅ ስትዳር ከሙሽራው ወገን ለአባትዋና ለእናትዋ ዘመዶች ከብት ይሰጣል፤ በዚያም ከብት ወንድሞችዋ በተራቸው ሚስት ያገቡበታል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሕዝቦች ባሕል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሙሉ የሚባለው ጥሎሽ 40 ከብት ያህል እንደ ነበረ ገልጿል። በአኙዋ ዘንድም ድሙይ የተባለው ዶቃ ለዚሁ ጕዳይ ሲያገለግል ኖሯል። ስለዚህ ሴት ልጅ ያልተወለደችበት ቤት ወንዶች ልጆቹን የሚድርበት ሀብት ያጥረዋል። የከተማይቱ እናቶች ግን፥ እኛ እንደምንሰማው፥ ስለ ከብት ሳይሆን ጓዳቸውን የምትጋራና ጭንቀታቸውን የምታደምጥ ልጅ ስለ መሻት ይናገራሉ።

ምኞቱ ይህን ያህል ከበረታ «መንገዱን አውቃለሁ» የሚል መካሪ መገኘቱ አይቀርም። ለምሳሌ ያህል በጋምቤላ ከተማ የምታስተምር፥ ሦስት ወንዶች የወለደች አንዲት መምህርት እናስብ። ጎረቤትዋ፥ ሴት ለመፅነስ የሚያስፈልገው ጨውንና ሙዝን፥ ሥጋንና ዓሣን ትቶ ወተት ማብዛት፥ በየቀኑም ላብ እስኪወርድ ድረስ መሮጥ ነው ብላ ትመክራታለች። መምህርቲቱም ምክሩን አምና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጠራራ ፀሐይ ትሮጣለች፤ ማታም አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥታ ትተኛለች። በሦስተኛው ወር ቀሚስዋ ይሰፋታል፤ ከጥቍር ሰሌዳው ፊት ቆማ ሳለች ራስዋን ያዞራታል፤ የወር አበባዋም ይቀራል። ያረገዘች መስሏት ደስ ይላታል፤ ሐኪሙ ሲመረምራት ግን እርግዝና የለም። ምግቡ አንሶ ድካሙ ስለ በዛበት ሰውነትዋ እንቍላል ማውጣቱን አቁሟል። ሴት ልጅ አገኝበታለሁ ያለችው ዝግጅት ማናቸውንም ልጅ እንዳትፀንስ አደረጋት ማለት ነው። መምህርቲቱ በምሳሌ የቀረበች ናት፤ እንዲህ ያለው የወር አበባ መቅረት ግን በሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው።

ለመሆኑ የፅንሱ ጾታ በምን ይወሰናል? በጥንት ዘመን የነበረው የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል፥ እረኞች እንስሳት በሚጠቃቁበት ሰዓት የሰሜን ነፋስ ቢነፍስ ወንድ፥ የደቡብ ነፋስ ቢነፍስ ሴት ይፀነሳል እንደሚሉ ጽፎ ነበር። (የዛሬው መካሪ በነፋሱ ፋንታ ጨውን አስቀምጧል።) ነገሩ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፥ ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ዱቄት ውስጥ የሚኖረውን ትል በአጕሊ መነጽር ስትመረምር፥ ጾታን የሚለየው በወንዱ ዘር ውስጥ ያለው ክሮሞሶም መሆኑን ተመለከተች። በሰውም እንዲሁ ነው። የእናት እንቍላል ሁልጊዜ ኤክስ የተባለውን ክሮሞሶም ይይዛል። የአባት ዘር ግን ግማሹ ያህል ኤክስን፥ ግማሹ ያህል ዋይ የተባለውን ይይዛል። ኤክስ የያዘው ቀድሞ ከእንቍላሉ ቢገናኝ ሴት፥ ዋይ የያዘው ቢገናኝ ወንድ ይሆናል። ይህም በዚያችው ቅጽበት ስለሚያልቅ ኋላ የሚበላ ምግብ የሚለውጠው ነገር የለም። እንግዲህ «ሴት አልወለደችልኝም» ብሎ ሚስቱን የሚወቅስ፥ በዚህም ሰበብ ሁለተኛ ሚስት የሚሻ ባል፥ ነገሩን ባልሠራችው ሰው ላይ ጥሏል። እርሱም ቢሆን ዘሩን በፈቃዱ አይመርጥምና ወቀሳው ለእርሱም አይገባም።

ስለ ምግቡ የሚነገረው አሳብ መነሻ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በፈረንሳይ አገር አንዳንድ ተመራማሪዎች፥ ጨውና ፖታሲየም አንሶ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ምግብ ወደ ሴት ልጅ ያደላል ሲሉ ሙከራ አድርገዋል። ሙከራው ግን በጥቂት ሴቶች ላይ የተደረገ ስለ ነበረ እንደ ማስረጃ የሚያዝ አይደለም። ላንድረም ሸትልስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ደግሞ ባልና ሚስት የሚገናኙበትን ቀን በመምረጥ ጾታን መምረጥ ይቻላል ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊልኮክስና ባልደረቦቹ 221 ሴቶችን በየቀኑ ተከታትለው ያሳተሙት ጥናት ግን፥ የመገናኛው ቀን ከልጁ ጾታ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አሳይቷል። የሰውነት እንቅስቃሴም ጾታን እንደሚለውጥ የተረጋገጠ ነገር የለም። ብልትን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ማጠብ የሚሉት ምክር ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ገላን ያቈስላል፥ ለበሽታም በር ይከፍታል።

ታዲያ ምክሩ ሠራልኝ የሚሉ እናቶች ለምን በረከቱ? ምክሩን ከተከተሉ 100 ሴቶች 49ኙ ያህል ያለ ምክሩም ሴት መውለዳቸው አይቀርም ነበር። እነዚህ 49ኙ ምስክሮች ይሆናሉ፤ የቀሩት 51 ግን ሥርዓቱን በደንብ አልጠበቅንም ብለው ዝም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1710 አርበትኖት የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም የሎንዶንን የ82 ዓመት የጥምቀት መዝገብ ሲቈጥር፥ በየዓመቱ ያለ አንዳች ልዩነት ወንዶቹ ከሴቶቹ በጥቂቱ በልጠው አገኛቸው። በእነዚያ ዓመታት መካከል ጦርነትም፥ በ1665 የመጣው ታላቅ ወረርሽኝም ነበረ። ዛሬም በዓለም ላይ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ለማስረዳት ቢሹ በአንድ ብር ሳንቲም «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እያሰኙ ቢያስጥሏቸው ይበቃል፤ አራት ጊዜ በተከታታይ አንድ ዐይነት መውደቁ ብርቅ አለመሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። አራት አራት ልጆች ካሏቸው 100 ቤቶችም በ7ቱ ያህል ልጆቹ በሙሉ ወንዶች ይሆናሉ። አምስተኛው ሲፀነስ ዕድሉ እንደ ገና ያው ነው።

ከእርግዝና በፊት የሚደረግ ዝግጅት ግን ከንቱ አይደለም፤ እጅግም የሚያስፈልግ ነው። ዋናው ፎሊክ አሲድ ነው። የሕፃኑ አንጐልና አከርካሪ የሚሠሩበት ቧንቧ ከፅንስ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ ለመፅነስ የምታስብ ሴት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትጀምር፤ እስከ ሦስተኛው ወር እርግዝናም ትቀጥል። ጎመን፥ ባቄላና ምስር ይህንኑ ቢይዙም ኪኒኑን አይተኩም። ጨውንም አትተው፤ አዮዲን ያለበት ጨው ለፅንሱ አንጐል ያስፈልገዋልና። በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር፥ ዕቃውም ቢከደን ይሻላል።

የጋምቤላ ገበያ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። የባሮ ዓሣ ሥጋ ገንቢ ነው፤ በደንብ ይብሰል እንጂ። ባቄላና ጎመን የሚሰጡትን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ከምግቡ ጋር ማንጎ ወይም ሎሚ መብላት ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ። ወተት መልካም ነው፤ ጥሬውን መጠጣት ግን ጽንስ የሚያስወርድ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ይፈላ። ወባ ባለበት አገር ደግሞ ደም የሚያጐድለው የምግብ ማነስ ብቻ አይደለምና፥ በአጐበር ውስጥ መተኛት የዝግጅቱ ክፍል ነው።

ስለ እንቅስቃሴ፥ ውኃ የምትቀዳና እህል የምትወቅጥ የገጠር ሴት የሚያስፈልጋት ዕረፍትና ተጨማሪ ምግብ እንጂ ሩጫ አይደለም። ተቀምጣ ለምትውል የከተማ ሴት ግን በሳምንት 150 ደቂቃ፥ ማለትም በአምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ስለሚጠጋ ማለዳ 12 ሰዓት ወይም ከማታው 11 ሰዓት በኋላ ይሁን። በባሮ ዳር መሄድ ደስ ያሰኛል፤ ከውኃው ጠርዝ ግን አዞ አለና ራቅ ይባል።

መምህርቲቱም ከሐኪሙ ከተመለሰች በኋላ ጨውዋን ወደ ሽሮዋ መልሳለች፤ ዓሣውንና ሙዙንም ጀምራለች፤ ሩጫዋን ለማለዳ እርምጃ ለውጣለች። የወር አበባዋ እስኪመለስ ጥቂት ወራት ሊፈጅ ይችላል። የባል ዘር ለመዘጋጀት ሁለት ወር ተኩል ያህል ይወስዳልና፥ ባልዋም ሲጋራውንና መጠጡን የሚተውበት ጊዜ ይኸው ነው። ወደ ጤና ጣቢያው አብሯት ቢሄድም ይገባዋል፤ የሁለቱም ደም ለቂጥኝና ለኤች አይ ቪ በአንድ ቀን ሊመረመር ይችላልና።