ታፔት ብቻውን አይቀየርም

«አሮጌ ሞተር ጢቅ ጢቅ ካለ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ታፔቶቹን አውጥቶ አዲስ መክተት። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ካምሻፍቱን መንካት አያስፈልግም።» ይህ ምክር በአጫጭር ቪዲዮዎች ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ብዙ የመኪና ባለቤት በግቢው መፍቻ እንዲያነሳ እያደረገ ነው። ግማሹ እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል። ታፔት በቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ ካምሻፍቱን ሳያዩና ሳይለኩ መቀየር ግን ገና ብዙ የሚያገለግልን ሞተር በገዛ እጅ ማበላሸት ነው።

ስለ መሠረታዊው አሠራር ብዙ አልልም። ካምሻፍቱ ሲዞር በላዩ ያሉት ጉብታዎች ታፔቱን ይገፋሉ፤ ታፔቱ ፑሽሮዱን፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን፣ ሮከሩ ቫልቩን። ጋራዦቻችን ታፔትን ፑንቴሪያም ይሉታል፤ ያው ነው። መለየት ያለበት የታፔቱ ዓይነት ነው። እዚህ የምናገረው ከታች ጠፍጣፋ መስሎ ስለሚታየው፣ በካሙ ጉብታ ላይ በቀጥታ ስለሚንሸራተተው ታፔት ነው። በቮልስ፣ በዲኤክስ ኮሮላ የቶዮታ ኬ ሞተሮች፣ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በሚያገኟቸው የድሮ ሸቭሮሌ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ውስጥ ያለው ይኸው ነው። የላዳ ካምሻፍት ቴስታታው ላይ ስለተቀመጠ አሠራሩ ሌላ ነው። ሸቭሮሌም ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ በነዚሁ ሞተሮቹ ላይ ባለ ሮለር ታፔት ማስገባት ጀምሯል፤ ሮለር ስለሚንከባለል ከዚህ በታች የምለው ሁሉ አይመለከተውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የዚህ ታፔት የታችኛው ፊት በእውነቱ ጠፍጣፋ አይደለም። በተለመደው አሠራር ራዲየሱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ የትልቅ ሉል ቁራጭ ሆኖ የተሞረደ ነው። መሃሉ ከጠርዙ ከፍ የሚለው በ0.05 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። የካሙ ጉብታም በወርዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በመቶኛ ሚሊሜትሮች ያዘነብላል። በዚህ ላይ የታፔቱ ማዕከልና የጉብታው ማዕከል ሆን ተብሎ እንዳይገጥሙ ተደርጓል። ስለዚህ ጉብታው ታፔቱን የሚነካው ከመሃሉ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ወደ ላይ ሲገፋው በዚያው ያሽከረክረዋል። ታፔቱ ከፍና ዝቅ ሲል በቀዳዳው ውስጥ በራሱ ዙሪያ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ይህ ሽክርክሪት የታፔቱም የካሙም ሕይወት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሄድ ካምሻፍቱ ግማሹን፣ 1,500 ዙር ይዞራል፤ እያንዳንዱ ታፔት በሰከንድ 25 ጊዜ ይገፋል ማለት ነው። የቫልቩ ስፕሪንግ ኃይል በቀጭን መስመር ላይ ስለሚያርፍ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚመጣው ጫና ከ50 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። ታፔቱ እየዞረ አዲስ ቦታ ካቀረበ ጫናው በመላው ፊቱ ይከፋፈላል፤ ዘይትም በመካከላቸው ይገባል። መዞሩን ካቆመ ግን ያው አንድ ቦታ ይፋቃል። የጠነከረው የላይኛው የብረት ሽፋን ካለቀ በኋላ ጉብታው በፍጥነት ይበላል፤ ብናኙም ከዘይቱ ጋር ወደ ኩሽኔታዎቹ ይሄዳል።

ታፔትና ጉብታ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ እንደ ወፍጮና መጅ ተያይዘው ያልቃሉ፤ የአንዱ ቅርጽ በሌላው ላይ ይቀረጻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ያገለገለ ታፔት ከራሱ ጉብታ በቀር በሌላ ጉብታ ላይ አይገባም። ሲወጡ በቅደም ተከተል ቁጥር ሰጥቶ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ሁለተኛው፤ አዲስ ካምሻፍት ላይ አሮጌ ታፔት በፍጹም አይገባም።

አዲስ ታፔት በአሮጌ ካምሻፍት ላይ የሚለው ጉዳይ ግን ያከራክራል። የካምሻፍት አምራቾች በአብዛኛው ሁለቱ አብረው ይለወጡ ይላሉ። ልምድ ያላቸው መካኒኮች ደግሞ ጉብታው ተለክቶ ጤነኛ ከሆነ፣ ዝንባሌውም ካልጠፋ፣ አዲስ ታፔት ሊለምድለት ይችላል ብለው ይሟገታሉ፤ የተሳካላቸውም አሉ። ክርክራቸው «ጤነኛ ከሆነ» በሚለው ላይ ስለቆመ ሁለቱም ወገኖች ሳይለኩ መክተትን አይደግፉም።

የዘይቱ ክርክር ከዚህም የከረረ ነው። በዘይት ውስጥ ያለው ዚንክና ፎስፈረስ ያዘለ ቅመም በሙቀትና በፍትጊያ ብረቱ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ፎስፈረስ የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት ስለሚጎዳ በአዳዲስ የቤንዚን ሞተር ዘይቶች፣ በተለይ በቀጫጭኖቹ፣ መጠኑ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ደረጃ ወደ 0.08 በመቶ ወርዷል። አንዳንዶች የአሮጌ ካምሻፍቶች ጥፋት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ይላሉ። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ለስላሳ ስፕሪንግ ያለውና አንዴ የለመደ ሞተር በዚህ መጠን ሊኖር ይችላል፤ የታፔቱ ብረት ጥራትና አሞራረድም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቅመሙን ከልክ በላይ መጨመርም ይጎዳል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ሆኖም አዲስ ካምና ታፔት በሚለማመዱበት ጊዜ ዚንክና ፎስፈረሱ ከፍ ያለ ዘይት እንደሚያስፈልግ ብዙዎች ይስማማሉ።

ከሁሉም በፊት ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይቀድማል። የዘይቱ መጠንና ፊልትሮው ይታይ። ጠጣር ታፔት ያለው ሞተር ከሆነ በሮከሩና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት በፊለር ጌጅ ይለካ፤ በብዙዎቹ ቮልሶች ላይ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ድምፁ እስኪጠፋ አጥብቀው የሚለው ምክር ቫልቭ ያቃጥላል፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ክፍተት ያጣ ቫልቭ አይዘጋም። በዘይት ግፊት የሚሠራ ሃይድሮሊክ ታፔት ከሆነ ደግሞ ቆሻሻ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ንጹሕ ዘይት ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል። ወፍራም ዘይት መጨመር ድምፁን ይሸፍን እንደሆነ እንጂ የተበላ ጉብታ አይመልስም።

ታፔቱ ከወጣ የታችኛውን ፊቱን በሌላ ታፔት ጠርዝ ወይም በቀጥ ያለ ብረት መፈተን ነው። መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ብርሃን ካሳለፈ ጉብታውም አብሮት ተበልቷል፤ ሁለቱም ይለወጡ። ቮልስ ላይ ይህ በግቢ ውስጥ የሚጨረስ ሥራ አይደለም፤ የታፔቱ እግር ከአካሉ ስለሚሰፋ ለሁለት የተከፈለውን የሞተር አካል ሳይለያዩ አይወጣም። በድሮው ሸቭሮሌ ግን ታፔቶቹ የሚገኙት ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር ስለሆነ የሞተሩን አካል ሳይለያዩ ሊወጡ ይችላሉ።

አዲሶቹ ሲገቡ የታፔቶቹ ፊትና ጉብታዎቹ በመገጣጠሚያ ቅባት ይቀባሉ፤ ዘይቱ አስቀድሞ በሞተሩ ውስጥ እንዲዳረስ ይደረጋል፤ ካርቡራተሩና የእሳቱ ጊዜ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ይስተካከላሉ። በሞተሪኖ ደጋግሞ ማንገላታት አይገባም። እንደተነሳ ወዲያው ወደ 2,000 ዙርና ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ዙሩን እያለዋወጡ ማቆየት ያስፈልጋል። በሚኒሞ መተው ከባድ ስህተት ነው፤ ለጉብታዎቹ ዘይት በብዛት የሚደርሳቸው ክራንኩ በሚረጨው ነው፣ በሚኒሞ ደግሞ የሚረጨው ጥቂት ነው። ከዚያ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጣሉ።

አዲስ ታፔት ለመግዛት ከመሄዳችሁ በፊት የአሮጌውን የታችኛውን ፊት ተመልከቱ፤ ጉብታውንም ለኩ፣ ወይም የሚለካላችሁን መካኒክ ፈልጉ። ይህን ሳያደርግ «ክተትበት» የሚላችሁን አትስሙት።