«ትንሽ ላፍጥነው ብዬ ነው»

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ማታ እህቴ ደወለችልኝ። «ኮምፒውተሩ ሞተ» አለችኝ። «ልጁ ምንም አልነካሁም ይላል፤ ፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው።»

እህቴ የምትኖረው በምሥራቅ ኦስሎ፣ ትቬይታ ነው። ከምድር ባቡሩ ሁለተኛ መስመር ወርዳችሁ ቀና ስትሉ ሦስቱ ረጃጅም ሕንጻዎች ይታዩዋችኋል። ኮምፒውተሩ የእናትም የልጅም ነው። የ17 ዓመቱ ልጅ ሐምሌ ላይ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ያገለገለ ከግለሰብ ገዛ። እናቱ ደግሞ ቀን አረጋውያንን እየተንከባከበች፣ ማታ ለጤና ሠራተኛነት ፋግብሬቭ፣ ማለትም ለሙያ ማረጋገጫው ፈተና ትዘጋጃለች። ማስታወሻዋ በሙሉ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሞተ» ስትል ነገሩ የጨዋታ አልነበረም።

በማግስቱ ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ ልጁን ይዤ ክፍሉ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«አጎቴ፣ ትንሽ ላፍጥነው ብዬ ነው» አለኝ ወለል ወለሉን እያየ።

አልተቆጣሁም። እኔም በልጅነቴ የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ሁለት ብሎን ተርፎኝ ያውቃል።

ማፍጠን ሲባል

ልጁ የሞከረው ኦቨርክሎኪንግ የሚባለውን ነው፤ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። አንዱ 100 ሜጋኸርዝ የሆነው መነሻ ምት ሲሆን ሌላው ማባዣው ነው። የልጁ ፕሮሰሰር ኢንቴል አይ5-9600ኬ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኬ» ማባዣው እንዳልተቆለፈ ትናገራለች። ስድስቱም ኮሮች አብረው ሲሠሩ ፋብሪካው የሰጠው ጣሪያ 43፣ ማለትም 4.3 ጊጋኸርዝ ነው። ልጁ በአንድ ጊዜ 50 አደረገው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ በ300 ሜጋኸርዝ ተሽጦ ብዙ ወጣቶች በ450 ያሠሩት ነበር። ያኔ ትርፉ ግማሽ ያህል ነበር። ዛሬ ግን ፕሮሰሰሮች ራሳቸው እንደ ሁኔታው ስለሚፈጥኑ ለተጠቃሚው የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ዋጋው ደግሞ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ልክ ያድጋል። ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.40፣ ፍጥነቱንም ከ4.3 ወደ 5.0 ብናደርግ ፍጥነቱ 16 በመቶ ሲጨምር ሙቀቱ 58 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ልጁ ያደረገው ልክ ይህንኑ ነው።

ወደ ዜሮ መመለስ

ኮምፒውተሩ ሲበራ ፋኖቹ ይዞራሉ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ሞት አይደለም። ባዮሱ የተሰጠውን የማይቻል ቁጥር ይዞ መነሳት ስላቃተው ነው። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልን፤ ማብሪያውን ተጭነን የቀረውን ኃይል አስወጣን፤ ከማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ አውጥተን ጥቂት ደቂቃ ቆየን። መልሰን ስናበራው የፋብሪካው ሴቲንግ ተመልሶ ስክሪኑ በራ። ልጁ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ «ተስተካከለ» ብሎ እንደገና ወደ ማባዣው ይሄዳል። እኔ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁትና «ምን ምን ቀየርክ?» አልኩት። መጀመሪያ ሁለት አለ። ቆይቶ አራት ሆነ፤ ማባዣው፣ ቮልቴጁ፣ ራሙን በ3600 የሚያሠራው ኤክስኤምፒ የተባለው ሴቲንግ፣ በዚያ ላይ ከጓደኛው የተሰጡት ሌላ ዓይነት ሁለት ራሞች። አራት ነገር በአንድ ማታ ተቀይሮ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?

በወረቀቱ ላይ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ወጣ። ማባዣውን 50 ካደረገ በኋላ የፍጥነት መለኪያው ውጤት ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ነበር። ልጁ «ኃይል አንሶት ነው» ብሎ ቮልቴጁን ጨመረ፤ ውጤቱ ይባስ ወረደ። ነገሩ ተቃራኒው ነበር። ይህ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የጨመረለት ቮልቴጅ እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር ነበር።

በፋብሪካው ሴቲንግ ፈተንነው። በአሥር ደቂቃ 92 ዲግሪ ደረሰ! ምንም ሳይነካ ይህን ያህል መሞቅ አልነበረበትም። ዞር ብዬ ሳይ ሳጥኑ በመስኮቱ ሥር ካለው የክፍሉ ማሞቂያ ጋር ተለጥፎ ተቀምጧል። ውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች ነው፤ ፋኑ ግን የሚስበው የጋለ አየር ነው። ማቀዝቀዣውን ስናነሳ ደግሞ ተርማል ፔስት የሚባለው ግራጫ ቅባት ደርቆ ተፈርፍሯል። አቧራውን ጠረግን፣ አዲስ ቅባት ቀባን፣ ሳጥኑን ወደ ሌላው ግድግዳ ወሰድነው። ያው ፈተና 71 ዲግሪ ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ማባዣውን አንድ አንድ እየጨመርን፣ በየደረጃው አንድ አንድ ሰዓት እየፈተንን ሄድን። በ1.25 ቮልት 47 ጸና፤ 48 ላይ ስህተት አሳየ፤ ወደ 47 ተመለስን። ሙቀቱ 82 ነበር። ራሙን ለብቻው ስንፈትን አራቱም ተሰክተው በ3600 ሲሠሩ ስህተቱ ዘነበ፤ የጓደኛውን ሁለቱን ስናወጣ አንድም ስህተት የለም። ልጁ ባለፈው ሳምንት «ዝም ብሎ» ይመጣ ነበር ያለኝ ሰማያዊ ስክሪን ምንጩ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሌም ጥፋቱ የልጅ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አንዳንዶቹ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ያላችሁ፣ ማንም ሳይነካው የሚዘጋባችሁ ከሆነ ባዮሱን አሳድሱ። ኖርዌይ ውስጥ ከመደብር ለተገዛ ኮምፒውተር እስከ 5 ዓመት ድረስ ስለ ጉድለቱ የማመልከት መብት አለ። ራሳችን ያቃጠልነውን ግን ማንም አይከፍለንም።

የእናቱ ማስታወሻ

ኮምፒውተሩ ዳነ። የእህቴ ማስታወሻ ግን አልከፈት አለ። ራም ሲሳሳት የተሳሳተውን ነገር ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ከሰማያዊ ስክሪኑም ይልቅ እኔ የምፈራው ይህን ነው። አሮጌ ቅጂ አገኘን፤ የመጨረሻው ሁለት ሳምንት ግን የለበትም።

«እንቅልፌን አጥቼ የጻፍኩት ነው» አለች እህቴ። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

ልጁ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት፤ እኔ ምንም አልጨመርኩም። ከዚያ በእጅዋ የጻፈችበትን ደብተር ተቀብሎ መተየብ ጀመረ። ለአራት ማታ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ እንክብካቤ በኖርዌይኛ ሲተይብ ሰነበተ። ቅጂው አሁን በሌላ ዲስክም አለ።

ከ4.3 ወደ 4.7 ሲኬድ ጭማሪው 9 በመቶ ነው። እሱ በሚጫወታቸው ጨዋታዎች ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ እዚያ የሚያዘገየው የግራፊክስ ካርዱ ነውና። እህቴ ይህን ሰምታ «ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምኑ ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ስለ ዘ ጋዘሪንግ ነገራት፤ ከ1992 ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን የሚደረግ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው ሐማር ከተማ የሚሰበሰቡበት ዝግጅት ነው። ይዞት መሄድ ይፈልጋል።

«ፈተናዬ ካለፈ በኋላ» አለችው።

ሳጥኑ ጎን ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ «47፣ 1.25 ቮልት፣ ሁለት ራም» ይላል በልጁ ጽሑፍ። ከሥሩ በእናቱ እጅ ደግሞ «እስከ ሰኔ አይነካም።»