ስለ ሰነድ መግለጫ አጠባበቅ

በመዝገብ ቤት ሥርዓት፣ ደብዳቤ ሲገባ ቁጥሩ፣ ቀኑና የላኪው ስም አስቀድሞ ይመዘገባል። ሰነዱ የኮምፒዩተር ፋይል ሲሆንም እንዲሁ ያለ መግለጫ አለው፤ ይኸውም ሜታዳታ ይባላል። ነገር ግን ሥራን ከደረጃ ወደ ደረጃ በራሱ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ይህን መግለጫ ሁልጊዜ አይጠብቅም። ፋይሉ የተገለበጠበት ቀን እንደ ተፈጠረበት ቀን ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ በዋትስአፕ እንደ ፎቶግራፍ የተላከ ሥዕልም የተነሣበትን ቀንና ቦታ የሚያመለክተውን ጽሑፍ ያጣል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ አርካዊትን ከመሰሉት የካርቱም ሠፈሮች ብዙ ሰዎች ተሰደዱ፤ ከነዚህም መካከል በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የገቡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በችኮላ የወጣ ሰው የልደትና የትምህርት ማስረጃውን በስልኩ ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ፕሮግራሙ ፎቶግራፉ የገባበትን ቀን የማስረጃው ቀን ካደረገው፣ ባለጉዳዩ ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል። ደግሞም በኢትዮጵያ 2015 የተባለው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ከፊሉ 2022፣ ከፊሉ 2023 ነው፤ የአባት ስምም የቤተሰብ ስም አይደለም።

ስለዚህ የሰነዱ ቁጥር፣ ቀኑ ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ የባለቤቱም ስም ከነአባቱ በሠንጠረዥ ለብቻው ተጽፎ በየደረጃው ከፋይሉ ጋር እንዲተላለፍ ማድረግ ይገባል። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ሥራው በግልባጩ ይሁን። ባለጉዳዩም ሥዕሉን እንደ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ሰነድ አድርጎ ይላክ። መግለጫው የጠፋበት ሰነድ፣ በእጅ ቢኖርም፣ ለባለቤቱ መመስከር ይሳነዋልና።