ልጁ እስኪላወስ አትጠብቂ

ለእርግዝና ክትትል ዘግይተው የሚመጡ እናቶችን "ለምን ቆየሽ?" ስላቸው በብዛት የምሰማው መልስ "ልጁ ሲላወስ እመጣለሁ ብዬ ነው" የሚል ነው። በሚዛንም በቴፒም፣ በቡና ቀበሌዎቹም እንዲሁ ነው። እርግዝና እስኪረጋ ለሰው አለማውራት ልማዳችን ነው፤ ይገባኛል። ግን አራተኛው ወር ማቅለሽለሹ ስላለፈና ሆድ ገና ስላልገፋ ምንም የማይሠራበት ይመስላል፤ እንደዚያ አይደለም።

ልጁ መላወስ የሚጀምረው ከሁለተኛው ወር መጨረሻ ገደማ ነው። ትንሽ ስለሆነና በሽርት ውሃ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ እናቱ አታውቀውም። የመጀመሪያዋን ያረገዘች ሴት ብዙውን ጊዜ የሚሰማት ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የወለደች ከ16ኛው ጀምሮ ልትለየው ትችላለች። ሳምንቱን የምንቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው።

በ16ኛው ሳምንት እናቲቱን አስተኝቼ ሆዷን ስዳስስ፣ የማህፀኗ ጫፍ በእምብርቷና ከታች ባለው አጥንት መሃል ላይ ጠንከር ብሎ እጄን ይነካዋል። የልብ ምት ማዳመጫውን መሣሪያ፣ ዶፕለሩን፣ ሳሳርፍ መጀመሪያ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የእሷው ምት ነው፤ ዝግ ያለ ነው። ትንሽ ወደ ጎን ስገፋው ፈጣኑ ይመጣል፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 የሚመታው የልጁ ልብ ነው። ይህን ጊዜ ብዙዎቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

በዚህ ሳምንት ልጁ ከራሱ እስከ መቀመጫው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 100 ግራም አካባቢ ነው። የጣት አሻራው መስመሮች በእነዚህ ሳምንታት ይሠራሉ። ኩላሊቶቹ ሽንት ማምረት ጀምረዋል፤ የሽርት ውሃው አብዛኛው ከልጁ ሽንት የሚመጣ ነው። መልሶ ይውጠዋል፣ መልሶ ይሸናዋል። በዚህ መሃል መዋጥንም ይለማመዳል።

አንገቱ ላይ ያለው የታይሮይድ እጢም ከሦስተኛው ወር መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ይጀምራል። ለአንጎሉ እድገት የሚያስፈልገውን አዮዲን ግን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። እንቅርት በአካባቢያችን ከጥንት የሚታወቅ ችግር ስለሆነ አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፤ በክዳን ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ወባ ነው። ለቴፒና ለበበቃ ቆላ ሰው ወባ አዲስ ነገር አይደለም፤ በነፍሰ ጡር ላይ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸግና ለልጁ የሚያልፈውን ምግብና ኦክስጅን ይቀንሳል። እናቲቱን ደም ያሳጣታል፤ ልጁም ከክብደት በታች ሆኖ ሊወለድ ይችላል። አንዳንዴ ይህ ሁሉ የሚሆነው ትኩሳት ሳይኖር ነው። አጎበር ስጡኝ ብላችሁ ጠይቁ፤ በየሌሊቱም ግቡበት። ካተኮሳችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ። እርግዝናን መደበቅ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ ለወባ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፕሪማኪን ሲሆን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በአራት ወር ሆድሽ አይታይም። ባለሙያው ካልነገርሽው በምን ያውቃል? እባክሽ ለጎረቤት ባትነግሪም ለሐኪሙ ንገሪው።

ቡናን በተመለከተ፣ በቡና አገር ተቀምጬ አትጠጡ አልልም። ካፌይን ግን በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ይገባል፤ ልጁ ደግሞ የሚያጣራበት አቅም የለውም። የእናቲቱም ሰውነት በዚህ ጊዜ ካፌይንን የሚያስወግደው ከወትሮው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ መቀመጡ ይቅር፤ በቀን አንድ ሁለት ስኒ ይበቃል። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞም ካፌይን አለው፤ ቅጠል ነው ተብሎ አይታለፍ። በክትትሉ የሚሰጣችሁን የአይረን (የብረት) ኪኒንም ከቡና ጋር አትዋጡት፤ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዘው ሰዓታቸው ይራራቅ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ክትትሉ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን ይላል። አልትራሳውንድም ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ይታያል። አራተኛው ወር ላይ ሆነሽ ካልጀመርሽ ነገ ሂጂ፤ ለምን ዘገየሽ ብሎ የሚቆጣሽ ቢኖር እንኳ አትመለሺ። ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ ወይም ሆድሽን አጥብቆ ከቆረጠሽ ግን ነገን አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ቅርብሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ።